ፏፏቴው መቼ ይሞላል፣ ጠጁስ መቼ ይደርሳል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ ከባህር ዳር

ክረምቱ እየወጣ ነው፣ አደይም ፈክታለች፣ ጥያቄያችሁም እንደየዓመቱ ወደ ጢስ አባይ ዞሯል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ፣ ግማሾቻችሁ የጠየቃችሁኝ ያንኑ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች ነን፣ በአንድ ቀን ጢስ አባይን አይተን የአካባቢውን ጠጅ ቀምሰን ማታ ባህር ዳር ማደር ነው ሐሳባችን። አንድ አስጎብኚ ሁለቱንም አንድ ላይ አዘጋጅላችኋለሁ ብሎናል። አባቴ ግን «አሁን ምን ፏፏቴ አለና፣ ውሃውን ለመብራት ወስደውት የለ እንዴ» ይለኛል። እውነቱን ነው? መቼ ብንመጣ ይሻላል? ጠጁስ ከፏፏቴው በፊት ነው በኋላ? (ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ)

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ አባትህ እውነታቸውን ነው፣ ግን የበጋውን እውነት ነው የነገሩህ። ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1964 ፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው ማመንጫ ተሠራ፣ እሱ ትንሽ ነው፣ 11 ሜጋ ዋት ገደማ፣ የሚወስደውም ውሃ እንደዛው ትንሽ ነበር። አባትህ በልጅነታቸው ያዩት ያንን ዘመን ሳይሆን አይቀርም፣ ያው በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረውን ፏፏቴ ማለቴ ነው። ከዛ በዛው በፈረንጆቹ 1996 አባይ ከጣና የሚወጣበት ጨረጨራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ፣ በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋቱ ሁለተኛው ጣቢያ መጣ፣ በበጋ ፏፏቴው መሳሳት የጀመረው ያኔ ነው። ከዛ በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ የሐይቁን ውሃ በዋሻ አድርጎ ወደ በለስ ወንዝ ይወስደዋል፣ እና በዛ በኩል የሄደ ውሃ ጢስ አባይን አያያትም። ስለዚህ በየካቲት ወይ በመጋቢት መጥቶ ቋጥኝ ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ክር አይቶ የተመለሰ ሰው ቢያዝን አይፈረድበትም፣ እኔም ያን ሳይ በየጊዜው ሆዴን ይበላኛል።

ክረምት ላይ ግን ሌላ ነው። ጣና ይሞላል፣ ውሃ በጨረጨራ ይለቀቃል፣ ከባህር ዳር እስከ ጢስ አባይ ባለው መንገድ ላይም እነ አንዳሳ ወንዝ ደፍርሰው ይቀላቀላሉ። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ድረስ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚወርደው ውሃ በጣም ሲሞላ ወርዱ ወደ 400 ሜትር ይደርሳል። ቀለሙ ቡናማ ነው፣ ጎርፉ የተሸከመው አፈር ስላለበት፣ ፎቶ ላይ ነጭ ውሃ አይታችሁ ከሆነ አትደንግጡ። ድምፁን ሳታዩት ነው የምትሰሙት፣ ቀጥሎ ጢሱ ከዛፎቹ በላይ ይታያል፣ ጢስ እሳት ያሉትም ለዚህ ነው። ማዶ ቆማችሁ ፀሐይ ከጀርባችሁ ከሆነች ቀስተ ደመናው ጢሱ ላይ ይዘረጋል፣ ፊታችሁና ልብሳችሁ ደግሞ ሳይታወቃችሁ እርጥብ ይሆናል።

አሁን ጠጁ ላይ እንምጣ፣ ማንም አስጎብኚ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ፏፏቴውንም ማሩንም የሚያመጣው ያው አንዱ ዝናብ ነው፣ ግን እኩል አይደርሱም። ውሃው ሲሞላ ንቧ ገና አደዩ ላይ ነች፣ ጎጃም ውስጥ ዋናው ማር የሚቆረጠው ከጥቅምት እስከ ኅዳር ነው፣ ማሩ ተቆርጦ ጠጅ ተጥሎ እስኪደርስ ደግሞ ሌላ ሦስት አራት ሳምንት ያስፈልጋል፣ ያኔ ፏፏቴው እየቀነሰ ነው። ስለዚህ «ውሃው ሞልቶ የአዲስ ማር ጠጅ» የሚላችሁ ሰው ካለ አንዱን እያጋነነ ነው። ለውሃው ከሆነ የምትመጡት አሁን በመስከረም ኑ፣ ጠጁ ያምናው ማር ይሆናል፣ ያምና ማር ደግሞ ምንም አይጎድለውም። ለአዲስ ማር ጠጅ ከሆነ ታኅሣሥ ላይ ኑ፣ ግን የምታዩት ሌላ ፏፏቴ እንደሆነ አውቃችሁ ኑ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የጥቅምት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እመርጣለሁ፣ ውሃው ገና አለ፣ የእግር መንገዱ ጭቃም ጠንክሯል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ እባካችሁ ፏፏቴው ይቅደም። ይሄን የምለው በደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመዶቼን ይዤ ስሄድ የያዝነው አስጎብኚ «ጠጅ ቤቱ መንገድ ላይ ነው፣ እግረ መንገዳችንን» አለና እኔም እሺ አልኩ። አጎቴ ሁለት ብርሌ ጠጡ፣ ብዙ የሚባል አይደለም፣ ጠጅ ግን ቁጭ ብለህ አይታወቅህም፣ ስትነሳ ነው እግርህ ላይ የሚመጣው። ወደ ፏፏቴው ስር የሚወስደው ቁልቁለት ደግሞ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ጢሱ ቀኑን ሙሉ ስለሚያረጥበው ሳሙና ይመስላል። አንሸራተታቸው፣ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ፣ ከዛ ቦታ ላይ ሰው በትከሻ ደግፎ ማውጣት ምን እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅኩት። አጎቴ እስካሁን በዛ እጃቸው ከባድ ነገር አያነሱም፣ እኔም ያን ቀን እሺ ማለቴ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቀናችሁ እንዲህ ይሁን። ከባህር ዳር 1 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጢስ አባይ ከተማ ገብታችሁ ትኬት ቁረጡ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ እዛው ያዙ፣ የባህር ዳሩ ሹፌር መንገዱን ቢያውቅ እንኳ የቦታውን ልጅ መያዝ ይሻላል ምክንያቱም የትኛው መውረጃ እንደራሰ የትኛው እንደተናደ በየቀኑ የሚያየው እሱ ነው። መጀመሪያ የምታገኙት የድንጋይ ድልድዩን ነው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በፈረንጆች 1626 የተሠራው፣ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። እዛ ላይ ቆም በሉ። ያ ሁሉ አባይ እዛ ጋ ሲደርስ ጠባብ ገደል ውስጥ ተጨምቆ ከስራችሁ ነው የሚያልፈው፣ አህያ የጫነ ገበሬ ደግሞ አጠገባችሁ ዝም ብሎ ይሻገራል፣ ወደ 400 ዓመት የሆነው ድልድይ ዛሬም ወደ ገበያ መሄጃው ነው። ከዛ ዳገቱን ትወጣላችሁ፣ ፏፏቴውን ከማዶ ታያላችሁ፣ የአላታን ወንዝ በተንጠልጣዩ ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ውሃው ትጠጋላችሁ፣ ከፏፏቴው በላይ ደግሞ በጀልባ ትሻገሩና ትመለሳላችሁ። ሳትሯሯጡ ሦስት ሰዓት ያህል ያዙለት።

ከአስጎብኚው ጋር ስትነጋገሩ «ሁሉም ተካቷል» የምትለዋን ቃል አትቀበሉ። መኪናው፣ ትኬቱ፣ የአካባቢው አስጎብኚ፣ ጀልባው፣ ምሳው፣ ጠጁ፣ አንድ በአንድ ተካቷል አልተካተተም ብላችሁ ጠይቁና በቴሌግራም ጽፎ ይላክላችሁ። ሹፌሩ እንደማይጠጣም አብራችሁ ተስማሙ፣ ይሄኛው ላይ ምንም ይሉኝታ አያስፈልግም። አንድ ሌላ ነገር፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአንድ ቀን በፊት ሳይሆን በዛው ጠዋት ባህር ዳር ላይ ጠይቁ፣ ሰው አትሂዱ ካላችሁ አትሂዱ፣ ከሄዳችሁም ሳይመሽ ግቡ።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ጢስ አባይን ሳላይ አልሞትም ትላለች። ዳገቱን እንደማትችለው አውቃለሁ፣ ሌላ መንገድ አለ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አለ እህቴ፣ እናትሽን ይዘሻቸው ነይ። በድልድዩ በኩል አትሂዱ፣ ከከተማው ወደ ጀልባው የሚወስደውን ያዙ፣ እሱ ሜዳ ነው፣ ጀልባው ከፏፏቴው በላይ ውሃው ረጋ ካለበት ያሻግራችኋል፣ ከዛ ያለው የእግር መንገድ አጭርና ቀላል ነው። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ውሃው በጣም ሲሞላ ጀልባው ሥራ ሊያቆም ይችላል፣ ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት በስልክ አስጠይቂ፣ ለእናትሽ ከነሐሴ ይልቅ ጥቅምት ይሻላል። ሁለተኛ ጀልባው ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ዳሩ ጭቃ ነው፣ አንድ ሰው ከታች አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ይያዛቸው። ምርኩዝ ይዘው ይምጡ፣ ትንሽ በርጩማም ቢኖራችሁ አትናቁት፣ እናቴን የወሰድኩ ጊዜ ፏፏቴው ፊት ለፊት በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ አንድ ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል ሳትናገር ቆየች፣ እንሂድ ስላት «ቆይ እስቲ» አለችኝ።

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ፣ የወይን እርሻ መጎብኘትና ወይን መቅመስ ይወዳሉ። ባህር ዳር አካባቢ የወይን እርሻ አለ? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ጉብኝት ተብሎ የሚኬድበትን የወይን እርሻ ከፈለግሽ ዝዋይ ነው፣ ባቱ ማለት ነው፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ከዚህ ተቃራኒ አቅጣጫ፣ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን አታስቢው። እዚህ ግን የሚቀመሰው ጠጅ ነው። ለጓደኞችሽ ደግሞ ጠጅን «እንደ ወይን ያለ ነገር» እያልሽ አታስተዋውቂልኝ። በኛ ቋንቋ ወይኑን ነው ወይን ጠጅ ያልነው፣ ስሙን የተበደረው እሱ ነው። ማር፣ ውሃና ጌሾ ነው፣ የራሱ ዕቃ አለው፣ የራሱ አጠጣጥ አለው፣ በዛው ስሙ አቅምሺያቸው።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ጠጅ በምን ይለያል? ባህር ዳር ውስጥ እንግዳ ይዤ ስሄድ አንዳንዱ ቤት ስኳር ነው የሚሰጡን፣ እንግዶቼም ጠጅ ይሄ ነው ብለው ይሄዳሉ፣ ያሳፍረኛል። (ከባህር ዳር፣ ቀበሌ 14)

መልስ፦ እታለም፣ ይሄ እኔንም ያንገበግበኛል። ባለፈው ዓመት ስሙን የማልጠራው ቤት አራት እንግዶች ይዤ ገባሁ፣ የመጣልን ነገር እንደ ብርቱካን ለስላሳ ቢጫው ይጮሃል፣ በማግስቱ አራቱም ራሳቸውን ይዘው ዋሉ። ሁለተኛ እንዲህ እንዳይደርስብኝ አሁን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፣ «ማነው የሚጥለው?» ጠጅ የሚጥል ቤት ከሆነ የጣለችው ሴትዮ ራሷ መጥታ መቼ እንደጣለችው ማሩ ከየት እንደመጣ ትነግርሻለች፣ ጊዜ ካላት ጋኑንም ታሳይሻለች። ከሌላ ቤት አምጥተው የሚሸጡ ከሆነ ግን ዞር ዞር ያለ መልስ ነው የምታገኚው።

አሠራሩን ማወቅም ይረዳሻል። እናቴ ስትጥል መጀመሪያ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ አጥባ ውሃው ኩልል ሲል ነው የምትተወው፣ ከዛ በወይራ ታጥነዋለች፣ ጋኑን ደፍታ ጢሱ ውስጡን እስኪሞላው። ማሩ አንድ እጅ ከሆነ ውሃው ሦስት ወይ አራት እጅ ነው፣ እንደምትፈልገው ጥንካሬ። ተበጥብጦ ብርዝ ሆኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ሰፈፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ እሱን ትገፋለታለች። ከዛ ጌሾው ይገባል፣ ለጠጅ የሚሆነው እንጨቱ ነው፣ ቅጠሉ ይበልጡን ለጠላ ነው፣ እንጨቱን ፈልጣ ከብርዙ ላይ በቀነሰችው ቀቅላ አቀዝቅዛ ትመልሰዋለች። ጋኑን ከድና ትተወዋለች፣ በየቀኑ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ታደርግ ነበር፣ ሲፈላ ድምፅ አለው፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ ሲር ሲር ይላል። ድምፁ ሲያንስ ጌሾውን ታወጣለች፣ ሲደርስ በንጹህ ጨርቅ ታጠልለዋለች።

እንግዲህ እንዲህ የተጣለ ጠጅ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ወርቃማ ነው፣ ትንሽ ጉም ያለበት፣ እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሎ የሚጮህ ቢጫ አይደለም። አፍ ላይ መጀመሪያ ማሩ ይመጣል፣ ሲዋጥ ደግሞ ጌሾው ጉሮሮ ላይ መረር ብሎ ይቆያል፣ ስኳሩ ግን ከንፈርሽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ መጨረሻ የለውም። እኔ ሁልጊዜ የማደርጋት ደግሞ ጨርሼ ባዶውን ብርሌ ማሽተት ነው፣ ማር ከሆነ ባዶው ብርሌ ቆይቶም ማር ማር ይሸታል።

እንግዶችሽን ስታቀምሺ ከለስላሳ ጀምሪ፣ ከዛ መካከለኛ፣ ደረቁ መጨረሻ። ለሁሉም ሰው ሦስት ሦስት ብርሌ አይታዘዝም፣ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ታዝዞ በትንሽ ብርጭቆ ይከፋፈሉት፣ ያኔ ልዩነቱን ይለያሉ። ከዛ በፊት ግን ይብሉ፣ የጣናን ቀረሶ ዓሣ ጥብስ ወይ ጥሩ ሽሮ በሆዳቸው ይኑር፣ በባዶ ሆድ ጠጅ ማንንም አይምርም። ብርሌውን አንገቱ ላይ በሦስት ጣት እንዴት እንደሚያዝ አሳያቸው፣ ልጄ፣ ይቅርታ አሳያቸው ያልኩሽ ለምጄ ነው፣ አሳዪያቸው።

ጥያቄ፦ እኔ አልኮል አልጠጣም፣ እምነቴ አይፈቅድም፣ ጓደኞቼ ግን ይጠጣሉ። አብሬያቸው ብሄድ ለኔ የሚሆን ነገር አለ? (ከደሴ)

መልስ፦ አለ ወንድሜ። ብርዝ አለልህ፣ ማርና ውሃ ብቻ። ግን «ብርዝ» ብለህ ብቻ አትዘዝ፣ ብርዝም ውሎ ካደረ መፍላት ይጀምራል፣ «ዛሬ የተበጠበጠ፣ ጌሾ ያልነካው» በል፣ ከተቻለም ፊትህ ይበጥብጡልህ። ይሄ ለጠጅ ቤቱ ሰዎች ካልተመቻቸው የማር እንጀራውን ራሱን ከነሰፈፉ ጠይቅ፣ ከዳቦ ጋር አድርገህ ስትበላው ጓደኞችህ ብርሌያቸውን አስቀምጠው ወደ አንተ ሳህን ነው የሚመጡት። ከሰዓት በኋላ ጊዜ ከተረፋችሁ ደግሞ በጀልባ ዘጌ ተሻገሩና ከጫካው ጥላ ስር የዘጌን ቡና ጠጡ፣ እሱ ሁላችሁንም ያስማማል።

ጥያቄ፦ ፏፏቴው ስር መዋኘት ይቻላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይቻልም፣ በሙላት ጊዜ በፍጹም አትሞክሩት፣ ከታች ያለው ውሃ ይስባል። በተረጋው በኩልም ሆነ ጣና ዳር ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ በተለይ ሣርና ደንገል ባለበት ቆማችሁ አትታጠቡ። በዛውም ልጨምርና ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባህር ዳርና ዙሪያው ወባ የሚበዛበት ወቅት ነው፣ አጎበር ያለው ክፍል ያዙ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከተሰማችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፣ ተመርመሩ፣ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

ጥያቄ፦ ጠጁ በጣም ጣፈጠኝ፣ በሃይላንድ አስሞልቼ በአውቶቡስ ሐዋሳ ድረስ ብወስደው ይበላሻል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከመበላሸቱ በፊት ይፈነዳብሻል። ጠጅ ተጠልሎም መፍላቱን አያቆምም፣ አየር ያወጣል፣ በዛ ላይ የአውቶቡስ ሙቀትና ንዝረት ሲጨመርበት ክዳኑ ዘሎ ሻንጣሽን በሙሉ ያጥበዋል፣ እንደዛ ሆኖ ያየሁት ሰው አለ። የግድ ከሆነ ጠርሙሱን ሙሉ አታስሞዪ፣ አንድ እጁን ባዶ አድርጊና በየመናኸሪያው ክዳኑን ላላ እያደረግሽ አስተንፍሺው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኅዳር ላይ ሰው ልከሽ ወይ ራስሽ መጥተሽ ያልተነጠረውን ማር ከነሰፈፉ በክዳን ባልዲ ግዢ፣ ጌሾ እንጨቱንም ከዛው ገበያ፣ እና ሐዋሳ ቤትሽ ጣዪው። ጋን ከሌለሽ ንጹህ የፕላስቲክ ጀሪካንም ይሆናል፣ ክዳኑን ብቻ አጥብቀሽ አትዝጊው፣ በጨርቅ ሸፍኚው፣ የሐዋሳ ሙቀት ከባህር ዳር ብዙም ስለማይለይ በሦስተኛው ሳምንት ቅመሺና ጌሾው በርትቶ ካገኘሽው ቶሎ አውጪው።